የልብ ኪኒን ስትወስዱ ቁጭ ብላችሁ ነው ተኝታችሁ? ተኝታችሁስ በየት ጎን?

ብዙ ሰው የልብም የግፊትም ኪኒኑን ማታ አልጋ ላይ ሆኖ ነው የሚወስደው። ትራሱን ደገፍ ብሎ ኪኒኖቹን አንድ ላይ አፉ ውስጥ ጣል ያደርጋል፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ይጎነጫል፣ ከዛ ዞር ብሎ እንቅልፍ። እቤት የታመሙ እናት ወይ አባት ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። ፋርማሲ ስለምሰራ ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ "ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" እና "በቀን ስንቴ?" ነው፣ ቁጭ ብዬ ልዋጠው ወይስ ተኝቼ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም፣ እኛ ባለሙያዎቹም ሳንጠየቅ ብዙም አንናገረውም። ግን ለውጥ አለው። ላንዳንዱ መድሀኒት ትንሽ፣ ላንዳንዱ ደግሞ ቀላል የማይባል ለውጥ፣ ለዛ ነው ዘርዘር አርጌ ልጽፈው የፈለኩት።

እስከመጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌለው ይቺን ይያዝ። ኪኒን ስትውጡ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ ወይ ቁሙ፣ ቢያንስ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጠጡበት፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት ያህል አትተኙ፣ የግድ መተኛት ካለባችሁ ደግሞ በቀኝ ጎናችሁ እንጂ በግራ አትተኙ። ምላስ ስር የሚደረገው የልብ መድሀኒት ግን የራሱ ህግ አለው፣ ወደታች አለላችሁ፣ እሱን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

አሁን ለምን የሚለውን። የምንውጠው ኪኒን አብዛኛው ወደ ደም የሚገባው ከጨጓራ ሳይሆን ከትንሹ አንጀት ነው። ጨጓራ ኪኒኑን ያሟሟል፣ ያላምጣል፣ ከዛ በመውጫው በር በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጀት ይለቃል። ስለዚህ መድሀኒቱ ቶሎ ይስራ አይስራ በአብዛኛው የሚወሰነው ያ በር ጋ በምን ያህል ፍጥነት ደረሰ በሚለው ነው። ጨጓራችን ሰፊው ክፍሉ ወደ ግራ ነው፣ መውጫው በር ያለው ወደ ቀኝ ነው። ጀበና አስቡ፣ ወደ ጡቱ በኩል ስታዘነብሉት ይቀዳል፣ በተቃራኒው ስታዘነብሉት ውስጡ ያለው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይቀራል። በቀኝ ስትተኙ ኪኒኑ በክብደቱ ተንሸራቶ በሩ አጠገብ ያርፋል፣ እዛ ጋ ደግሞ ጨጓራው በሀይል የሚጨማደድበት ቦታ ስለሆነ ቶሎ ይፈጨዋል። በግራ ስትተኙ ግን ከበሩ ርቆ ሰፊው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ እዛ እንቅስቃሴው ደካማ ነው።

ባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ይሄንን በኮምፒውተር በተሰራ የጨጓራ ሞዴል ለክተውት ነበር። አንድ ኪኒን በቀኝ ጎን ለተኛ ሰው በ10 ደቂቃ የሚሟሟ ከሆነ ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ወይ ለቆመ 23 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ በግራ ለተኛ ደግሞ ከ100 ደቂቃ በላይ። በጀርባ መተኛት ከመቀመጥ ብዙም አልተለየም። ልብ በሉ፣ ይሄ የኮምፒውተር ስሌት ነው፣ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ ሰዓት የያዘ የለም፣ ስለዚህ ደቂቃዎቹን ልክ እንደዛው አትያዟቸው፣ ቅደም ተከተሉን ግን ያዙት። ደግሞም በሰው ላይ የተሰራ ቆየት ያለ ጥናት አለ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ሀገር የወጣ፣ መድሀኒቱም የኛው የግፊት መድሀኒት ኒፌዲፒን ነው። ጤነኛ ሰዎች ኒፌዲፒን ወስደው በግራ ጎናቸው ሲተኙ ደማቸው ውስጥ የሚገባው ቀስ ብሎ ነበር፣ በቀኝ ሲተኙና ሲቆሙ ግን ቶሎ ገብቶ የልብ ምታቸውንም ከፍ ሲያደርገው ታይቷል። ማለትም ነገሩ ወሬ አይደለም፣ የልብ መድሀኒት ላይ በቀጥታ የታየ ነው።

እዚህ ጋ ግን ቶሎ ብላችሁ "አሃ፣ ስለዚህ የግፊት መድሀኒቴን ወስጄ በቀኝ ልጋደም፣ በደንብ ይሰራልኛል" እንዳትሉ። ቶሎ መግባት ሁሌ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ግፊትን በድንገት የሚያወርድ መድሀኒት ቶሎ ከገባ ሰው ሲነሳ ሊዞርበት ሊወድቅ ይችላል፣ ለሽማግሌ ደግሞ መውደቅ ማለት የዳሌ ስብራት ማለት ነው። ድሮ ግፊት ሲያሻቅብ ኒፌዲፒን ካፕሱል አስነክሶ ምላስ ስር ማድረግ የተለመደ ነበር፣ ግፊቱ ከመጠን በላይ እየወረደ ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ህመም (ሀርት አታክ) ስላስከተለ ነው የቀረው፣ አሁንም እቤት ውስጥ የሚያደርገው ሰው አለና እባካችሁ አታድርጉት።

ሁሉም መድሀኒት ላይ እኩል አይደለም ብያለሁ፣ እሱን ላብራራ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የግፊት መድሀኒቱን አምሎዲፒን የምትወስዱ ከሆነ በየት ጎን ተኛሁ ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። አምሎዲፒን ከተፈጥሮው ዝግ ያለ ነው፣ ደም ውስጥ ጣሪያው የሚደርሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት ደግሞ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ጨጓራ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ቀን ከቀን የምትወስዱት እስከሆነ ድረስ ለውጡ አይታወቅም። የኮሌስትሮል መድሀኒቱ አቶርቫስታቲንም እንደዛው፣ የሚሰራው በቀናትና በሳምንታት ነው። ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የተሰራ ኪኒንም (ኒፌዲፒን ረጅሙ፣ ሜቶፕሮሎል ረጅሙ) በአቀማመጥ ያን ያህል አይነካም፣ እሱ ላይ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው፣ ሽማግሌው መዋጥ አቃታቸው ተብሎ ተፈጭቶ በማንኪያ መሰጠቱ። ረጅሙን ኪኒን ፈጫችሁ ማለት ቀኑን ሙሉ ሊለቀቅ የታሰበውን መጠን በአንዴ ሰጣችሁ ማለት ነው፣ አይፈጭም።

አቀማመጥ የሚያሳስበው ቶሎ እንዲሰራ የሚፈለገው ላይ ነው። ለምሳሌ ላሲክስ (ፉሮሴማይድ)፣ ትርፍ ውሃን በሽንት የሚያስወጣው መድሀኒት። ላሲክስ ተውጦ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ውስጥ ሽንት መጀመር አለበት። ግን የልብ ድካም ሲጠና እግር ብቻ አይደለም የሚያብጠው፣ አንጀትም ውሃ ይቋጥራል፣ ያበጠ አንጀት ደግሞ መድሀኒት ቶሎ አይቀበልም። "ኪኒኑን እየወሰዱ ነው እኮ ግን እብጠቱ አልጎደለም" የሚባለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ሀኪም ቤት ሲገቡም በደም ስር የሚሰጡት ለዛ ነው። እንደዚህ አይነት ሰው ላይ በዛ ላይ በግራ ተኝቶ መዋጥ ሲጨመር መዘግየት በመዘግየት ላይ ነው። የስኳር ህመም ለረጅም ጊዜ ያለባቸው ሰዎችም ጨጓራቸው ሊዳከምና ምግቡንም ኪኒኑንም ቶሎ ላይለቅ ይችላል፣ የሆፕኪንሶቹ ስሌትም የደከመ ጨጓራ የሚያመጣው መዘግየት በግራ ከመተኛት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ነው ያገኘው። ሁለቱ ያለበት ሰው፣ ስኳርም የልብ ድካምም፣ እኛ ሀገር ብዙ ነው።

ላሲክስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከተዋጠና ወደታች ከወረደ በኋላ ጋደም ማለት ሽንቱን ያግዘዋል፣ ሰው ሲጋደም ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ቆሞ ከሚውል ሰው የበለጠ ይሸናል። ስለዚህ ጠዋት ተቀምጣችሁ ዋጡ፣ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፣ ከዛ እግር ከፍ አርጎ ጋደም ማለት የሚችል ሰው ጋደም ይበል፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን አይገደድ፣ ትራስ ደርቦ ደገፍ ይበል። ማታ የሚወስዱት ደግሞ ሌሊቱን ሲመላለሱ ያድራሉ፣ በጨለማ ወደ ሽንት ቤት መሄድ ራሱ ሌላ የመውደቅ ሰበብ ነው።

ይሄን ያነሳሁት በጾም ሰሞን የጠዋቱን ኪኒን ሁሉ ወደ ማታ የሚያዞሩ ብዙ ስለሆኑ ነው። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ ብሎ የጠዋቱን ዘሎ ማታ ከእራት በኋላ ሁሉንም ባንዴ ጎርሶ መተኛት የግፊቱንም የላሲክሱንም ስራ ያበላሸዋል። ረመዳን ላይም ያው ነው፣ አፍጥር ላይ ተደራርቦ ይወሰዳል። ጾሙን አትጹሙ ማለቴ አይደለም፣ ሰዓቱን ግን በራሳችሁ አታዙሩ፣ ጾሙ ሳይገባ ለሀኪማችሁ ንገሩ፣ ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ መላ አለው።

እሺ አሁን አወሳሰዱን እንይ። በመጀመሪያ አንድ ጉንጭ ውሃ ብቻውን ዋጡ፣ የደረቀ ጉሮሮ ላይ ኪኒን ይጣበቃል። ከዛ ኪኒኑን አንድ በአንድ፣ አራቱን ባንዴ አይደለም። ከዛ ቀሪውን ውሃ። 100 ሚሊ ሊትር ስንት ነው ላላችሁ፣ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አምስት ቦታ ብትከፍሉት አንዱ ማለት ነው፣ ብዙ አይደለም። ሀኪም ውሃ የቀነሰላችሁ የልብ ድካም ያለባችሁ ሰዎች ይቺን ከቀኑ ድርሻችሁ ላይ ቁጠሯት እንጂ ውሃ ተከልክያለሁ ብላችሁ ኪኒኑን በምራቅ አትዋጡት። ይሄ የ100 ሚሊ ሊትር ነገር ከኔ አይደለም፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ሰዎች ኪኒን ሲውጡ በራጅ እያዩ የሰሩት ጥናት ነው፣ በትንሽ ውሃ ተኝተው ሲውጡ ኪኒኑ የምግብ ቧንቧቸው ላይ ተጣብቆ ሲቀር አይተው ቢያንስ በ100 ሚሊ ሊትር ይዋጥ፣ ከዋጡም በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ቁሙ ብለው የመከሩት። እኔ ግማሽ ሰዓት የምለው ቧንቧውን ማለፉ ብቻ ሳይሆን ጨጓራውንም እንዲያልፍ ጊዜ ለመስጠት ነው፣ ደግሞ ቃር ያለበት ሰው ወዲያው ከተኛ ወደላይ ይመለስበታል።

ጭንቅላታችሁን ወደኋላ መወርወር የለመዳችሁ ካላችሁ ለካፕሱል ተቃራኒውን ሞክሩ። ካፕሱል ቀላል ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ አገጫችሁን ወደ ደረት ዝቅ ስታደርጉ ወደ ጉሮሮ በኩል ይሄድላችኋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሀይደልበርግ ላይ የተሞከረ ነው፣ አብዛኞቹ ሰዎች ቀሏቸዋል። ካፕሱል "ጉሮሮዬ ላይ ቀረ" የሚሉ እናቶች በዚህ ብቻ ሲገላገሉ አይቻለሁ።

በቧንቧ ላይ መጣበቅን ሰው ይንቀዋል፣ ግን አደጋ አለው፣ በተለይ እኛ ሀገር። ከልጅነት የጉሮሮ ህመም የተነሳ በሩማቲክ የልብ ህመም ሚትራል ቫልቫቸው (በግራ በኩል ያለው የልብ በር) የጠበበ ብዙ ወጣቶች አሉን። ቫልቩ ሲጠብ በላዩ ያለው የግራ የልብ ክፍል ይለጠጣል፣ ይሄ ክፍል ያለው ደግሞ ልክ ከምግብ ቧንቧው ፊት ለፊት ስለሆነ ሲተልቅ ቧንቧውን ይጫነዋል። እዛ ጋ ኪኒን ተሰንቅሮ ሊቀር ይችላል። ላሲክስ ፖታሲየም ስለሚያወጣ አብሮ የሚታዘዘው የፖታሲየም ኪኒን ደግሞ ተጣብቆ ከቀረ ቧንቧውን ያቆስላል፣ አንዳንዴ ክፉኛ። አስፕሪን እና ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክም ያቆስላሉ። ስለዚህ ፖታሲየም የሚወስድ ሰው ተኝቶ አይውጥ፣ በፍጹም። ስትውጡ ደረታችሁ መሀል የሚወጋ ወይ የሚያቃጥል ስሜት ከመጣና ካልለቀቃችሁ ሀኪም ጋ ሂዱ፣ ልቤ ነው ብላችሁ በቤት ውስጥ አትገምቱ፣ ጨጓራዬ ነው ብላችሁም አትተዉት።

አልጋ ላይ የዋሉ ሰው የምታስታምሙ ከሆነ ይቺ ክፍል ለናንተ ናት። ከወገብ በላይ ያለውን አካላቸውን ከፍ አርጉት፣ ከቻላችሁ ቁጭ እስኪሉ ድረስ፣ ካልተቻለ ቢያንስ ግማሽ መቀመጥ። ትራስ ከጭንቅላታቸው ስር ብቻ ከደረባችሁ አንገታቸው ብቻ ይታጠፋል፣ ሆዳቸው ይጨመቃል፣ ስለዚህ ትራሱ ከወገባቸው ጀምሮ ይሁን። ከጉልበታቸው ስር ደግሞ የተጠቀለለ ጋቢ አስገቡ፣ እሱ ከሌለ እናንተ ውሃ እስክትቀዱ ወደታች ተንሸራተው ታገኟቸዋላችሁ። አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረታቸው ይሁን፣ ወደኋላ ከተቃና ውሃው ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። "እማማ ይዋጡ፣ ዋጡት?" እያላችሁ አንዷን ሳይጨርሱ ሌላዋን አትጨምሩ። ከዛ አፋቸውን አስከፍታችሁ እዩ፣ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በደከመው ጎን ጉንጭ ውስጥ ኪኒኑ ሳይዋጥ ተቀምጦ ይገኛል፣ እነሱ አይሰማቸውም። ውሃ ሲጠጡ የሚያስላቸው፣ ድምጻቸው እርጥብ እርጥብ የሚል ከሆነ መስጠቱን አቁሙና ለሀኪም ንገሩ፣ በሽሮፕ ወይ በሌላ መልክ የሚገኝ መድሀኒት ይኖራል።

ግማሽ ሰዓት ከቆዩ በኋላ ስታስተኟቸው በቀኝ ጎን አርጓቸው። የልብ ድካም ያለባቸው ብዙዎቹ ራሳቸውም በግራ መተኛት አይወዱም፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል ወይ የልባቸው ምት ይረብሻቸዋል፣ "በግራዬ አታስተኙኝ" ሲሏችሁ አመል አይደለምና ስሟቸው። የመኝታ ቁስል እንዳይመጣ በየ2 ሰዓቱ የምታገላብጧቸው ከሆነ የግራውን ተራ መድሀኒት ከሚወስዱበት ሰዓት አርቁት፣ በቃ ይሄን ያህል ነው፣ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ጎን ማስቀየር አያስፈልግም።

በግራ ተኙ የተባሉ ሰዎችስ? ነፍሰ ጡር እናቶች በግራ ጎን ተኙ ይባላሉ፣ ምክሩም ትክክል ነው፣ ማህጸኑ ትልቁን የደም ስር እንዳይጫን ነው። ቃር ያለበት ሰውም በግራ ሲተኛ ይሻለዋል። በእርግዝና ግፊት ምክንያት ሜቲልዶፓ ወይ ኒፌዲፒን የምትወስዱ በግራ መተኛታችሁን አትተዉ፣ መድሀኒቱን ከመኝታ ቀደም አርጉት እንጂ። 3 ሰዓት ላይ የምትተኙ ከሆነ 2 ሰዓት ላይ ተቀምጣችሁ ዋጡት፣ ቡና ወይ ወሬ ላይ ቆዩ፣ ከዛ በግራችሁ ተኙ። ሁለቱን ማስማማት ይቻላል።

ምላስ ስር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ደግሞ። ይሄ አይዋጥም። ከተዋጠ ጉበት አብዛኛውን ያጠፋዋል፣ ምላስ ስር ሲሟሟ ግን በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ የጨጓራና የቀኝ ግራ ጎን ጉዳይ እዚህ አይሰራም። እዚህ የሚሰራው መቀመጥ ነው። ደረታችሁን ሲወጋችሁ ቆማችሁ አታድርጉት፣ ግፊት ወዲያው ስለሚያወርድ ልትወድቁ ትችላላችሁ። ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ፣ ምላስ ስር አርጉት፣ አትናገሩ፣ ምራቃችሁን አትዋጡ፣ ውሃ አትጠጡበት። 5 ደቂቃ ቆይቶ ህመሙ ካልቀነሰ ወይ ከባሰ ሁለተኛ ኪኒን ሳትፈልጉ አምቡላንስ ጥሩ፣ አሜሪካ ያላችሁ 911፣ ኢትዮጵያ ያላችሁ ቀይ መስቀል 907። ባለፉት 2 ቀናት (48 ሰዓት) ውስጥ የወንድነት ኪኒን (ቪያግራና መሰሎቹ) የወሰደ ሰው ናይትሮግሊሰሪን መንካት የለበትም፣ አፍራችሁ ሳትናገሩ እንዳትቀሩ፣ ለህይወት የሚያሰጋ የግፊት መውረድ ያመጣል።

መድሀኒቱ ከገባ በኋላ ደግሞ አነሳሳችሁን ተጠንቀቁ። ኢናላፕሪል (የግፊትና የልብ ድካም መድሀኒት) አዲስ የጀመረ፣ መጠን የተጨመረለት፣ ወይ ላሲክስ ላይ ኢናላፕሪል የተደረበለት ሰው ከአልጋ ዘሎ አይነሳ። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ያንጠልጥል፣ ትንሽ ያወዛውዝ፣ ካልዞረበት ይቁም። ካርቬዲሎል የሚባለውን የልብና የግፊት መድሀኒት የሚወስዱ ሰዎች ከምግብ ጋር ይውሰዱት፣ ምግቡ አገባቡን ስለሚያዘገየው ማዞሩ ይቀንሳል፣ እዚህ ላይ መዘግየቱ የሚፈለግ ነው ማለት ነው። ሌላው የግፊት መድሀኒት ካፕቶፕሪል ግን ተቃራኒው ነው፣ ምግብ ስለሚቀንስበት ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ነው የሚወሰደው። ተልባ የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ተልባውን ከኪኒኑ ጋር ባንድ ላይ ባይጠጡት ጥሩ ነው፣ ዝልግልጉ ኪኒኑን ይዞት ሊያዘገየው ይችላል፣ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑረው።

የግፊት መለኪያ እቤት ካላችሁ ማዞር ለሚሰማው ሰው እንዲህ ለኩለት። 5 ደቂቃ ያህል ተኝቶ ይለካ፣ ከዛ ይቁም፣ በ1 ደቂቃ ይለካ፣ በ3 ደቂቃ ደግሞ ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ቁጥሮቹን፣ መድሀኒቱ በስንት ሰዓት እንደተወሰደና ተኝቶ ይሁን ተቀምጦ እንደዋጠ ጽፋችሁ ለሀኪሙ ይዛችሁ ሂዱ፣ እስከዛ ግን መድሀኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።